ቢሉ ከመምጣቱ በፊት፦ የአሜሪካ ስቴት ኮሚሽኖች ምን ሥልጣን አላቸው?

(አሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጤና ይስጥልኝ፤ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

የመብራት ቢል ሲጨምር ብዙዎቻችን የምናደርገው ያው ነው። ለድርጅቱ ደውለን እንቆጣለን። ስልኩን ያነሳው ሠራተኛ ግን ዋጋውን አላወጣውም፤ ሊቀንሰውም አይችልም። የድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ እንኳ ብድግ ብሎ ታሪፍ መጨመር አይችልም። በአብዛኛው ስቴት ይህንን የሚወስነው አንድ ኮሚሽን ነው። ሦስት ወይም አምስት፣ አንዳንድ ቦታ ሰባት ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ድምፅ ይሰጣሉ፤ በዚያች ድምፅ የሚሊዮኖች ቤት ወርሃዊ ወጪ ይቀየራል።

ስማቸው ከስቴት ስቴት ይለያያል። ካሊፎርኒያና ቴክሳስ ፐብሊክ ዩቲሊቲ ኮሚሽን ይሉታል፤ ጆርጂያና ኒውዮርክ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን፤ አሪዞና ኮርፖሬሽን ኮሚሽን። አሿሿማቸውም ይለያያል። በብዙዎቹ ስቴቶች ገዥው ይሾማቸዋል። ቨርጂኒያ ውስጥ የስቴቱ ምክር ቤት ይመርጣቸዋል። አሪዞናና ጆርጂያ ውስጥ ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ድምፅ ሰጥቶ ይመርጣቸዋል፤ ዜግነት ያላችሁ የዚያ ነዋሪዎች ስማቸውን በምርጫ ወረቀታችሁ ላይ አይታችሁ አልፋችሁት ይሆናል።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው። እነዚህ ኮሚሽኖች ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ሥልጣን አላቸው። ግን ትልቁን ሥልጣናቸውን የሚጠቀሙት ቢሉ ሲመጣ ሳይሆን፣ ከዚያ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። እኛ ደግሞ የምንነቃው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደተፈጠሩ ባጭሩ ልበል። በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ድርጅቶች የየራሳቸውን ምሰሶ ተክለው፣ የየራሳቸውን ሽቦ ዘርግተው ቢወዳደሩ ወጪው እጥፍ ይሆናል፤ ከፋዩም ያው ደንበኛው ነው። ስለዚህ አንዱ ብቻ ይግባ ተባለ። አንዱ ብቻ ከገባ ግን ያሻውን ዋጋ የሚቆልል ሞኖፖሊ ይሆናል። መንግሥት በግል ድርጅት ዋጋ ላይ መግባት ይችላል ወይ የሚለው ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1877 መልስ አገኘ። ጉዳዩ የመብራት አልነበረም፤ የቺካጎ የእህል ጎተራዎች ጉዳይ ነው። ገበሬዎቹ እህላቸውን ወደ ገበያ ለማውጣት በእነዚያ ጎተራዎች ማለፍ ግድ ነበረባቸው። የኢሊኖይ ስቴት የማከማቻ ክፍያው ላይ ጣሪያ አበጀ፤ ባለጎተራዎቹ ከሰሱ፤ ተሸነፉ። የሕዝብ ጥቅም ያለበት ንብረት በሕዝብ ቁጥጥር ሥር ሊውል ይችላል ተባለ።

የመብራቱ ታሪክ ደግሞ ሌላ ገጽታ አለው። ኮሚሽን ይቋቋም ብለው ከገፉት ሰዎች አንዱ የሸማቾች ተቆርቋሪ አልነበረም። የቺካጎ መብራት ድርጅት አለቃና የኤዲሰን የቀድሞ ጸሐፊ የነበረው ሳሙኤል ኢንሱል ነው። በ1898 ለሙያ ባልደረቦቹ፣ ስቴቱ ዋጋችንን ይቆጣጠር፣ በምላሹ ግን ተፎካካሪ አይግባብን የሚል ሐሳብ አቀረበ። በ1907 ዊስኮንሲንና ኒውዮርክ ዘመናዊውን ኮሚሽን አቋቋሙ፤ ሌሎቹ ተከተሉ። ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ኮሚሽኑ ሲፈጠር ጀምሮ የሁለት ወገን ስምምነት ነው። ድርጅቱ ከውድድር ይጠበቃል፤ ደንበኛው ከብዝበዛ ይጠበቃል። ሁለተኛው ግማሽ የሚሠራው ግን ደንበኛው ወገን የሆነ ሰው በቦታው ሲገኝ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ዋጋው። ሒሳቡን ቀለል አድርጌ ላሳያችሁ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የወሰድኳቸው ናቸው። አንድ የመብራት ድርጅት ማመንጫው፣ ምሰሶው፣ ትራንስፎርመሩ ሁሉ ተደምሮ የ1 ቢሊዮን ዶላር ንብረት አለው እንበል። ግማሹ ገንዘብ ከባለአክሲዮኖች የመጣ ነው፣ ግማሹ ብድር። ኮሚሽኑ ለባለአክሲዮኖቹ 10 በመቶ ትርፍ ፈቀደ፤ ይህ በዓመት 50 ሚሊዮን ነው። የብድሩ ወለድ 5 በመቶ ከሆነ 25 ሚሊዮን ይጨመራል። በዚህ ላይ ደሞዝ፣ ጥገና፣ ግብርና የንብረቱ የእርጅና ቅናሽ ይደመራል። ነዳጁ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ትርፍ በተገዛበት ዋጋ ወደ ደንበኛው ያልፋል። ያ ሁሉ ድምር ለመኖሪያ ቤት፣ ለንግድ ቤትና ለፋብሪካ ተከፋፍሎ ቆጣሪያችሁ ላይ ይመጣል።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንድ ነገር አስተውሉልኝ። ድርጅቱ በጥገና ላይ ባወጣው ገንዘብ አያተርፍም፤ ያወጣውን ብቻ ይመልሳል። የሚያተርፈው በገነባው ንብረት ነው። ብዙ በገነባ ቁጥር ብዙ ያተርፋል። አቨርችና ጆንሰን የሚባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ይህንን በ1962 በጥናት አሳይተውታል። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሕጉ ራሱ ወደ ግንባታ ይገፋል።

ጋዜጣ ላይ የምናየው ክርክር ግን ስለ ትርፉ በመቶኛ ነው። ድርጅቱ 10.5 ጠየቀ፣ ኮሚሽኑ 9.5 ፈቀደ፣ ተብሎ ይዘገባል። በእኛ ምሳሌ ከ10 ወደ 9.5 መውረድ በዓመት 2.5 ሚሊዮን ያድናል። ጥሩ ነው፤ አልናቅኩትም። ያው ድርጅት ግን የማያስፈልግ የ200 ሚሊዮን ዶላር ማመንጫ ልገንባ ብሎ ኮሚሽኑ አይሆንም ቢለው፣ ትርፉና ወለዱ ብቻ 15 ሚሊዮን ነው፣ በየዓመቱ፣ ሒሳቡ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሠላሳና አርባ ዓመት የሚዘልቅ። ቢላችሁን የሚያሳብጠው ይህ ነው። የሚወሰነው ደግሞ አዳራሹ ጭር ባለበት ቀን ነው።

ኮሚሽኑ ታዲያ ምን ምን ማድረግ ይችላል? ድርጅቱ ያቀረበውን አዲስ ታሪፍ አግዶ ማቆየት ይችላል፤ ኒውዮርክና ኢሊኖይ ውስጥ እስከ 11 ወር ድረስ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የድርጅቱን መዝገብ ያስመረምራል፣ ሰነድ አምጡ ብሎ ያዝዛል፣ ሰው በመሐላ ያስመሰክራል። የሚሠራው እንደ ፍርድ ቤት ነው፤ ኮሚሽነሮቹ ከተከራካሪ ወገን ጋር በጎን ስለ ጉዳዩ ማውራት ክልክል ነው። በግዴለሽነት የወጣ ወጪን ይህን ደንበኛው አይከፍልም፣ ባለአክሲዮኑ ይሸከመው ማለት ይችላል። ትልቅ ማመንጫ ወይም ከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ መስመር ከመሠራቱ በፊት በብዙ ስቴቶች ከኮሚሽኑ የአስፈላጊነት ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ነው።

ወጪውን ማን ይሸከም የሚለውንም የሚወስነው እሱ ነው። አሁን የዳታ ማዕከሎች፣ ማለትም የኢንተርኔት ኮምፒውተሮች የሚከማቹባቸው ግዙፍ ሕንፃዎች፣ ነገር ስለመጣ ይህ ሥልጣን ትልቅ ሆኗል። አንድ ዳታ ማዕከል የአንድ ከተማን ያህል ኮረንቲ ሊፈልግ ይችላል፤ ለሱ ተብሎ መስመር ተዘርግቶ ባለቤቱ በሦስተኛው ዓመት ሐሳቡን ቢቀይር ዕዳው በማን ላይ ይወድቃል? በኦሃዮ በሐምሌ 2025 ኮሚሽኑ በአንድ ትልቅ ድርጅት ክልል ውስጥ ያሉ ትልልቅ አዳዲስ ዳታ ማዕከሎች፣ ባይጠቀሙበትም፣ ከጠየቁት ኃይል ቢያንስ የ85 በመቶውን እስከ 12 ዓመት እንዲከፍሉ አዘዘ። እንዲህ ያለ ውሳኔ ዜናው ላይ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ለተራው ቤተሰብ ግን ብዙ ትርጉም አለው።

መብራት መቁረጥም ሕግ አለው። ዊስኮንሲን ውስጥ ከኅዳር 1 እስከ ሚያዝያ 15፣ የእነሱን ወር ማለቴ ነው፣ ቤት የሚያሞቀውን አገልግሎት ባለመክፈል ምክንያት መቁረጥ አይቻልም። ብዙ ስቴቶች ውስጥ ቤት ውስጥ በመሣሪያ የሚኖር ታማሚ ካለ የሐኪም ወረቀት ማቅረብ መቁረጡን ለተወሰነ ጊዜ ያስቆማል። ዕዳውን ከፋፍሎ የመክፈል መብትም አለ። ድርጅቱ እምቢ ካላችሁ ለኮሚሽኑ አቤቱታ ታቀርባላችሁ፤ ጠበቃም አያስፈልግም። ወገኖቻችን በቋንቋ ምክንያት፣ አንዳንዴም በይሉኝታ፣ ይህንን ሳያውቁ ጨለማ ውስጥ ሲያድሩ እሰማለሁ፤ ያንገበግበኛል። ስልኩ ላይ አስተርጓሚ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

ቅጣትም አለ። በመስከረም 2010 ካሊፎርኒያ ሳን ብሩኖ ውስጥ ፒጂ ኤንድ ኢ የሚባለው የጋዝና የመብራት ድርጅት ቧንቧ ፈንድቶ 8 ሰዎች ሞቱ፤ 38 ቤቶች ወደሙ። ኮሚሽኑ በ2015 በድርጅቱ ላይ የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ወሰነ። ከዚህ ውስጥ 850 ሚሊዮኑ የቧንቧዎችን ደህንነት ለማሻሻል ከባለአክሲዮኖች ኪስ እንዲወጣ፣ 400 ሚሊዮኑ ለጋዝ ደንበኞች እንዲመለስ፣ 300 ሚሊዮኑ ለስቴቱ ካዝና እንዲገባ ተደረገ። ወደፊት ለሚሠራው የደህንነት ሥራ ደንበኛው እንዳይከፍል መደረጉን ልብ በሉ። ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለውን መወሰን ከቅጣቱ መጠን አይተናነስም።

አሁን ልቤ ውስጥ ያለውን ጉዳይ ልንገራችሁ። ሁለት ጎረቤት ስቴቶች፣ ጆርጂያና ደቡብ ካሮላይና። ሁለቱም በአንድ ዘመን፣ በአንድ ዓይነት ዲዛይን፣ እያንዳንዳቸው ሁለት የኑክሌር ማመንጫ ልንገነባ ብለው ተነሡ። ሁለቱም ጋ ምክር ቤቱ አስቀድሞ ሕግ አወጣ፤ ደቡብ ካሮላይና በ2007፣ ጆርጂያ በ2009። ማመንጫው አንዲት አምፖል ሳያበራ፣ ገና በግንባታ ላይ እያለ፣ ለግንባታው የተበደሩትን ገንዘብ ወጪ ከደንበኛው መሰብሰብ ተፈቀደ። በድሮው ደንብ ንብረቱ ሥራ ላይ ሳይውል ደንበኛ አይከፍልበትም ነበር። ይህች የድሮ ደንብ ስትነሳ የድርጅቱም ጥንቃቄ አብራ ተነሳች ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ምን ሆነ? ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ኮሚሽኑ ታሪፉን ዘጠኝ ጊዜ እንዲጨምር ፈቀደ። በየዓመቱ መዝገብ ይከፈታል፣ ይጸድቃል፣ ይዘጋል። በመጋቢት 2017 የማመንጫዎቹ አቅራቢ ዌስቲንግሃውስ የኪሣራ ጥበቃ ጠየቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ 9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከወጣ በኋላ ግንባታው ተተወ። አንድም ኪሎዋት አልመነጨም። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ተነሣ፤ ምክር ቤቱ ተቆጣ፤ ክስ ቀረበ፤ የድርጅቱ የቀድሞ አለቃ እስር ቤት ገባ። ዕዳው ግን አልጠፋም፤ ደንበኞች ዛሬም ከቢላቸው ላይ እየከፈሉት ነው።

ጆርጂያ ግን ጨረሰች። ቮግትል በተባለው ጣቢያ ቀድሞ በነበሩት ሁለት ላይ የተጨመሩት፣ ሦስተኛው ማመንጫ በ2023፣ አራተኛው በ2024 ሥራ ጀመሩ። ሲጀመር 14 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የተባለው ፕሮጀክት ለሁሉም ባለድርሻዎች ከ30 ቢሊዮን በላይ ፈጀ። በታኅሣሥ 2023 ኮሚሽኑ ከዚህ ውስጥ የ7.56 ቢሊዮን ዶላሩ ወጪ የግንባታው ባለቤት ከሆኑት አንዱ በሆነው የመብራት ድርጅት፣ በጆርጂያ ፓወር፣ ደንበኞች ታሪፍ ውስጥ እንዲገባ አጸደቀ። ማመንጫዎቹ ዛሬ ኮረንቲ ያመነጫሉ፣ ያለ ጭስም ያመነጫሉ፤ ይህንን መካድ አይገባም። ነገር ግን በኅዳር 2025 ሕዝቡ በምርጫው ሁለት ነባር ኮሚሽነሮችን በሰፊ ልዩነት አሰናበተ። የመብራት ዋጋ ዋናው መከራከሪያ ነበር። ትልቁ ውሳኔ፣ ይገንቡ አይገንቡ የሚለው፣ የተሰጠው ግን በ2009 ነው። በ16 ዓመት ዘግይተን ነው የደረስነው።

ሥልጣኑ ወሰንም አለው፤ ይህን ሳታውቁ ሄዳችሁ በር ላይ እንዳትመለሱ። ኮሚሽኑ የራሱ የሆነ ሥልጣን የለውም፤ በሕግ ወይም በስቴቱ ሕገ መንግሥት የተሰጠውን ብቻ ነው ያለው። በ1935 ከወጣው የፌዴራል ሕግ ወዲህ በስቴቶች መካከል የሚካሄደው የጅምላ ኮረንቲ ሽያጭ፣ ማለትም ለቤት ከመድረሱ በፊት ድርጅት ለድርጅት የሚሸጠው፣ የፌዴራሉ መንግሥት ድርሻ ነው። የከተማ አስተዳደር የራሱ መብራት ድርጅት ካለው፣ ለምሳሌ ሎስ አንጀለስ፣ ዋጋውን የሚያወጣው ከተማው ነው እንጂ ኮሚሽኑ አይደለም። ነብራስካ ውስጥ መብራቱ ሙሉ በሙሉ በሕዝብ የተያዘ ስለሆነ ጥያቄያችሁን የምትወስዱት ለመረጣችሁት ቦርድ ነው። የኅብረት ሥራ ድርጅቶችም በብዙ ስቴቶች ከኮሚሽኑ የዋጋ ቁጥጥር ውጪ ናቸው። በሌላ በኩል ደግሞ ኮሚሽኑ ሕዝብ ስለጮኸ ብቻ ዋጋውን እስከ መሬት ማውረድ አይችልም። ድርጅቱ ተገቢ ትርፍ እንዳያገኝ ካደረገ ንብረት እንደ መውረስ ይቆጠርበታል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1944 በሆፕ ጋዝ ድርጅት ጉዳይ እንደወሰነው ግን ፍርድ ቤት የሚያየው የሒሳቡን ዘዴ ሳይሆን የመጨረሻውን ውጤት ነው። ይህም ለኮሚሽኑ ሰፊ ቦታ ይሰጠዋል።

ቦታው ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ቴክሳስ አሳይታለች። የአብዛኛው ቴክሳስ የኮረንቲ መረብ ከሌሎች ስቴቶች የተነጠለ ስለሆነ፣ እዚያ የጅምላ ዋጋውም በስቴቱ ኮሚሽን እጅ ነው። በየካቲት 2021 በዚያ ክፉ ብርድ ማመንጫዎች ተራ በተራ ሲወድቁ፣ ኮሚሽኑ የጅምላ ዋጋው በጣሪያው ላይ እንዲቆም አዘዘ፤ በሜጋዋት ሰዓት፣ ማለትም በ1,000 ኪሎዋት ሰዓት፣ 9,000 ዶላር። ዋጋው ለቀናት እዚያው ቆየ። ስቴቱ በይፋ የቆጠረው ሟች 246 ሰው ነው። ሦስቱም ኮሚሽነሮች በሳምንታት ውስጥ ለቀቁ። በ2024 ግን የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኮሚሽኑ ያንን ማዘዝ ሥልጣኑ ነበር ብሎ ወሰነ። ሰዎቹ ሄዱ፤ ትእዛዙ ጸና። ፍርድ ቤት በኋላ ያስተካክለዋል ብሎ መተማመን የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ይህን ያህል ሥልጣን በጥቂት ሰው እጅ ሲሆን ደግሞ ገንዘብ ይከተለዋል። ኦሃዮ ውስጥ ፈርስት ኢነርጂ የሚባለው የመብራት ድርጅት በ2021 ከዐቃብያነ ሕግ ጋር ባደረገው ስምምነት፣ ብዙም ሳይቆይ የኮሚሽኑ ሊቀመንበር ለሆነ ሰው 4.3 ሚሊዮን ዶላር መክፈሉን አምኗል። ሰውየው ክስ ተመሥርቶበት ጥፋተኛ አይደለሁም ብሎ ሲከራከር፣ ፍርድ ሳያገኝ በ2024 ሞተ። በዚሁ ቅሌት የስቴቱ ምክር ቤት የቀድሞ አፈ ጉባኤ 20 ዓመት ተፈርዶበታል። ይህን ሰምታችሁ ሁሉም ያው ነው ብላችሁ ተስፋ እንዳትቆርጡ እለምናችኋለሁ። አብዛኛው የኮሚሽን ሠራተኛ፣ ኢንጂነሩም የሒሳብ ባለሙያውም፣ በሺህ ገጽ የሚቆጠር ሰነድ እያገላበጠ በሐቅ የሚሠራ ሰው ነው። የጎደለው ከዚያኛው ወገን የሚመጣ ሰው ነው። ድርጅቱ በጠበቃና በባለሙያ ተከብቦ ይመጣል፤ የጠበቆቹም ክፍያ ብዙ ጊዜ ታሪፉ ውስጥ ይገባል። ማለትም የሚከራከራችሁን ጠበቃ የምትቀጥሩት እናንተው ናችሁ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከቢሉ ጋር ታጥፋ የምትመጣውን ወረቀት አትጣሉ። በኢሜይል ከሆነም ክፈቱት። በደቃቅ ፊደል የተጻፈ የመዝገብ ቁጥር አለው፤ ያንን የኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ ብትጽፉት ሰነዱ ሁሉ ይከፈትላችኋል፣ በነፃ። የታሪፍ መዝገብ ብቻ አትፈልጉ፤ በብዙ ስቴቶች ድርጅቱ በየሁለትና ሦስት ዓመቱ የሚያቀርበው የረጅም ጊዜ የኃይል ዕቅድ አለ። ማመንጫው የሚወለደው እዚያ ውስጥ ነው። ብዙ ስቴቶች በሕግ የተቋቋመ የሸማቾች ጠበቃ ቢሮ አላቸው፤ ኢሊኖይም ከ1983 ጀምሮ በሕግ የተቋቋመ የደንበኞች ቦርድ አላት። ማኅበራችን፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ ተሰባስቦ ጣልቃ ገብ ተከራካሪ፣ ማለትም በመዝገቡ ላይ እንደ አንድ ወገን የሚከራከር፣ ሆኖ ለመግባት ማመልከት ይችላል፤ ቀነ ገደቡ ግን አጭር ነው።

ሕዝብ የሚናገርበት መድረክ ላይ ስትቀርቡ ብዙውን ጊዜ የሚሰጣችሁ ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። "ተወደደብን" ብቻ ብላችሁ አትቀመጡ። የአሥራ ሁለት ወር ቢላችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አምና ጥር ይህን ከፈልኩ፣ ዘንድሮ ጥር ይህን፣ የተጠቀምኩት ኪሎዋት ሰዓት ያው ነው በሉ። መሐላ ፈጽማችሁ መናገር የሚቻልበት ስቴት ከሆነ ምላችሁ ተናገሩ፤ ያኔ ቃላችሁ እንደ ማስረጃ መዝገቡ ውስጥ ይገባል፣ ኮሚሽኑም የሚወስነው መዝገቡ ውስጥ ባለው ነው።

ንግግሩ ካለቀ በኋላ አንዲት እናት ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ ምንም ማድረግ አይቻልም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ይቻላል፤ መንገዱ ግን ጠባብ ነው። ለምሳሌ ኦሃዮ ውስጥ በጉዳዩ የገባ ተከራካሪ በ30 ቀን ውስጥ ኮሚሽኑ ራሱ ጉዳዩን እንደገና እንዲያየው በጽሑፍ መጠየቅ አለበት። በዚያ ማመልከቻ ላይ ያልጠቀሰውን ነጥብ በኋላ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ ማንሳት አይችልም። ሌሎች ስቴቶችም የየራሳቸው ተመሳሳይ ገደብ አላቸው። ስለዚህ የትእዛዙን ቀን ጻፉ፣ ትእዛዙን አውርዱ፣ የሸማቾች ጠበቃውን ቢሮ በዚያው ሳምንት ደውላችሁ እንደገና ይታይ ብለው ያመለክቱ እንደሆነ ጠይቁ።